ሞባይሉን ተዉላቸው፣ ቀኑን ግን ይጻፉበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ፣ ኮንሰርት ላይ ሞባይል ቀስረው ስለሚቀርጹ ወጣቶች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ተናደዋል። ከፊታቸው የቆመች ልጅ ስልኳን ሽቅብ ይዛ መድረኩን ከልላባቸዋለች። እውነታቸውን ነው፣ ያበሽቃል። «ተመልሶ ላይታይ ነገር» ያሏት ግን አልዋጥ አለችኝ። እኔ ተመልሰው ከሚሰሙት ወገን ነኝ።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት የጥገና ሱቅ አለችኝ። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ሪሲቨር፣ አሁን አሁን ደግሞ በብዛት ቻርጀር እጠግናለሁ። ማታ ማታ የአሜሪካዊውን የሮክ ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ኮንሰርቶች እሰበስባለሁ። አልበሞቹን አይደለም። ከተመልካቹ መሃል፣ በኪስ ቴፕ፣ ሰው ራሱ የቀዳቸውን ነው። በሰፈሩ ይህን የሚያውቁት ባለቤቴና ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። ጎረቤቴም ያወቀው ግድግዳው ስስ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1978 የመስቀል ሰሞን ነው። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ይሠራ ነበር። ስልክ ውድ ነው። እማዬ ደግሞ ደብዳቤ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ድምጹን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ይልክልናል። በአንዱ ፊት ሰላምታው፣ ናፍቆቱ፣ የጎረቤት ስም ዝርዝር። ሌላው ፊት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የዚያን ጊዜው ሲገለበጥ ግን ጩኸት ወጣ። የሺህ ሰው ጩኸት። እማዬ ደነገጠች። «ምነው፣ እዚያም ሰልፍ አለ እንዴ?» አለች። በዚያ ዘመን ያን ያህል ሕዝብ ሲጮህ የምናውቀው አብዮት አደባባይ ነው።

ጋሼ አብሮት የሚሠራ ሰው ትኬት ሰጥቶት ሐምሌ 29 ቀን 1977፣ ሰኞ ማታ፣ አር ኤፍ ኬ ስታዲየም፣ የስፕሪንግስቲን ኮንሰርት ገብቶ ኖሯል። በዚያ የሐምሌ መጨረሻ የዋሽንግተን ሙቀት ጃኬት ለብሶ፤ ቴፑን የሚደብቅበት አጥቶ። ቱሩ፣ ማለትም ዘፋኙ ከከተማ ከተማ እየዞረ የተጫወተበት ጉዞ፣ ሰኔ 22 ቀን 1976 ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ ላይ ተጀምሮ መስከረም 22 ቀን 1978 ሎስ አንጀለስ ላይ ያለቀው፣ 156 ኮንሰርት የነበረው ነው። ሰውዬው አንዴ መድረክ ከወጣ ሦስት ሰዓት አልፎትም አይወርድም። የጋሼ ካሴት ደግሞ ባለ ዘጠና ደቂቃ ነው፤ ግማሹ በሰላምታ ተይዟል። አርባ አምስት ደቂቃ ላይ ዘፈን መሃል ቀጥ ይላል።

አንድ ቀዝቀዝ ያለ ዘፈን ላይ ጋሼ ወደ ቴፑ ጠጋ ብሎ ያንሾካሹካል። «እማዬ፣ ይሰማሻል? ይሄ ሁሉ ሰው ነው» ይላል። እማዬ ይህችን እየመለስኩ እንዳሰማት ታደርገኝ ነበር። ዘፋኙ ጥር ላይ ለእኛው ድርቅ በተቀዳው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ውስጥ ድምጹ እንዳለ ስነግራት ደግሞ «ይባርከው» አለች። ከዚያ ወዲያ ጩኸቱን ታገሠችው።

በ1999 ካሴቱ ማርጀቱ አሳሰበኝ። ኮምፒውተር አልነበረኝም። ወደ ሲዲ እንዲገለብጡልኝ መሃል ከተማ ላለ አንድ ሱቅ ሰጠሁ። ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ በኩራት አስረከበኝ። «ብራዘር፣ ጩኸቱን በሙሉ አጽድቼልሃለሁ» አለኝ። ቤት ገብቼ ሰማሁት። ጭብጨባው የለም። ፉጨቱ የለም። ከዘፋኙ ቀድማ ግጥሙን የምትለው፣ ድምጿ የማያምር ሴት ነበረች፤ እሷም የለችም። ጋሼም የለም። ያ ሁሉ ሰው ተጠርጎ ወጥቷል።

ካሴቱን ሳየው ደግሞ ክሩ ተኮማትሮ ተበጥሷል። አምስቱን ብሎን ፈታሁ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፌ የክሩን ሁለት ጫፎች በምላጭ በሰያፍ ቆረጥኩ። ከድሮ ሥራዬ የተረፈ የክር መቀጠያ ፕላስተር ነበረኝ፤ ተራው ፕላስተር ሙጫው እየወጣ የቴፑን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ይበክላል። ከጀርባው ለጠፍኩ፣ በጥፍሬ ዳበስኩ፣ በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንኩ። የጠፋው ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ጭብጨባ ላይ መሆኑ በጀኝ።

የዚያን ምሽት ኮንሰርት ሌላ ሰውም ቀድቶታል። አሜሪካዊ ነው፤ ጥሩ ማይክ ነበረው። ሁለቱን ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ሳስኬዳቸው መጀመሪያ እኩል ይሄዳሉ። እየቆየ የጋሼ ይቀድማል። ነገሩ ባትሪ ነው። ባትሪ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፣ ክሩ ቀስ እያለ ይቀዳል። በኋላ ጤነኛ ቴፕ ላይ ሲጫወት ግልባጩ ይሆናል፤ ዘፈኑ ይፈጥናል፣ ድምጹ ይቀጥናል። መጨረሻው ላይ ስፕሪንግስቲን ልጅ እግር ይሆናል። ጋሼ አንዴ ያስላል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳል ነው። ፍጥነቱን አስተካክዬ አንድ ቅጂ አውጥቻለሁ። የምሰማው ግን ያልተስተካከለውን ነው። አምና ለጋሼ በቴሌግራም ብልክለት «ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

ካሴቱ ላይ በእጁ «29/11/77» ብሎ ጽፎበታል። በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፤ የሚልከው ለእማዬ ነዋ። እኔም ሳላስብ እንዳለ ለአንድ አሜሪካ ላለ ሰብሳቢ ላክሁት። በማግስቱ ተቆጥቶ መለሰልኝ። በእነሱ ኖቬምበር 1977 ስፕሪንግስቲን ቱር ላይ አልነበረም፣ ዘፈኖቹም ገና አልወጡም፣ ምን ዓይነት ቀልድ ነው አለ። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ረጅም መልስ ጻፍኩለት። አሥራ ሦስተኛ ወር አለን ስለው ጭራሽ ግራ ገባው።

የባሰም አለ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1966 ማንቸስተር፣ ፍሪ ትሬድ ሆል የተጫወተው ኮንሰርት በድብቅ ሲሸጥ ለብዙ ዓመታት «ሮያል አልበርት ሆል» ሲባል ኖሯል። ያ አዳራሽ ያለው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሙዚቃ ኩባንያው ራሱ ሲያወጣው እንኳ የተሳሳተውን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ትቶታል። ያንን የቀዱት የኩባንያው ሰዎች ናቸው፣ ተመልካች አይደለም። ሆኖም ከቅጂው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ዲላን የድሮውን ተራ ጊታር ትቶ ኤሌክትሪክ ጊታር በማንሳቱ እንደ ከዳተኛ ቆጥሮት አንዱ ተመልካች «ይሁዳ!» ብሎ የጮኸውን ነው። የሱቁ ልጅ ቢያገኘው አጽድቶት ነበር።

ከ156ቱ 48 ደርሻለሁ። የሌሊት ፓኬጅ እየገዛሁ ነው የማወርደው። አንድ ሙሉ ኮንሰርት ጥራቱ ሳይቀነስ ከአንድ ጊጋ ያልፋል። መብራት ሄደ ማለት እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ነው። ባለቤቴ «አንድ ዘፈን ስንት ጊዜ ነው የሚወርደው?» ትለኛለች። አልተሳሳተችም።

ቀጂዎቹ ጉድ ናቸው። ማይክ ሚላርድ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1977 ሌድ ዜፕሊን የተባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሊቀዳ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለው ፎረም አዳራሽ የገባው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። መራመድ አቅቶት አይደለም። ናካሚቺ 550 ቴፑ ትልቅ ስለሆነ እዚያው ደብቆት ነው። የሰውን ችግር መሸሸጊያ ማድረጉ ደስ አላለኝም። ቅጂው ግን ግሩም ነው። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ለቀጂዎች የራሳቸውን ቦታ ለየላቸው፤ ማይካቸውን በይፋ አቁመው እንዲቀዱ። ሁሉም ዘፋኝ እንዲህ አይፈቅድም፤ ቅር የሚለው አለ፣ መብቱ ነው። እኛ ሰብሳቢዎች ደግሞ አንድ ሕግ አለን፤ አይሸጥም። በነጻ የመጣ በነጻ ይሄዳል።

ስፕሪንግስቲን ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ኮንሰርቶቹን እየቀዳ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። የእህቴ ልጅ ከፍሎልኝ ሁለት ገዝቻለሁ። ከመድረኩ ማሽን የተቀዳ ነው፣ ጥርት ያለ። ሕዝቡ ግን ከግድግዳ ጀርባ ያለ ይመስላል።

ወደ እኛ አገር ልመለስ። ጥር 29 ቀን 1997 መስቀል አደባባይ የቦብ ማርሌይ 60ኛ ልደት በኮንሰርት ሲከበር በእስጢፋኖስ በኩል ቆሜ ነበር። አጠገቤ አንድ ልጅ ትንሽ ቴፕ በሻርፕ ጠቅልሎ ይዟል። ቀይዋ መብራት በሻርፑ ስር ትታያለች። አንድ ቃል ሳልጠይቀው ሕዝቡ ገፋንና ተለያየን። እስካሁን ይቆጨኛል። ያ ካሴት የሆነ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። ወይም የሠርግ ዘፈን ተቀድቶበታል።

ስለዚህ ጸሐፊውን የከለለቻቸው ልጅ መቅረጿን ትቀጥል። ስልኩን ግን ደረቷ ጋ ዝቅ አድርጋ ትያዘው፤ ለእኔ ዓይነቱ ምስሉ ቁም ነገር አይደለም፣ እሳቸውም መድረኩን ያያሉ። ማይኩ ከታች በኩል ነው፣ በጣቷ አትሸፍነው። ቤት ስትገባ የፋይሉን ስም ትቀይር፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የት ጋ እንደቆመች ትጻፍበት። በማን አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር። በቴሌግራም ስትልከው እንደ ፋይል ትላከው፤ እንደ ቪዲዮ ከላከችው ይጨመቃል።

ከኮንሰርት የተቀዳ ካሴት ያለው ሰው ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ብቅ ቢል በነጻ እገለብጥለታለሁ። የቴፔ ቤልት ባለፈው ወር ነው የተቀየረው። ሄዱን በየቀኑ በአልኮል እጠርገዋለሁ። ጩኸቱን አልነካም።

አንባቢያችሁ፣
ከቱሉ ዲምቱ