ለትምህርት ክፍላችን መምህራን፦ የ2ኛ መንፈቀ ዓመት የኮርስ ድልድልን ይመለከታል

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ቅሬታ በሰዓት ብዛት ላይ ሳይሆን፣ ነባር መምህራን አንዳንድ ኮርሶችን እንደ ርስት በመያዛቸውና አዲስ የተቀጠሩት የአንደኛ ዓመት ትልልቅ ክፍሎችን ብቻ በመሸከማቸው ላይ እንደነበር ቃለ ጉባኤው ያሳያል። ሁላችንም 12 የሌክቸር ሰዓት ብንሞላም የ100 ተማሪ ፈተና ማረም ከ20 ተማሪ ፈተና ጋር እኩል ድካም አይደለም፤ ቅሬታው፣ በእኔ በኩል፣ ተገቢ ነው።

በመሆኑም ማንኛውም ኮርስ ከ3 ተከታታይ ጊዜ በላይ በአንድ መምህር እጅ እንዳይቆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከርም በሥራ ጭነት ስሌቱ እንዲገባ ረቂቅ ተዘጋጅቷል። ግቢያችን ከከተማው ዳር በመሆኑ የጠዋት 2፡00 ሰዓት ክፍለ ጊዜም (የሰርቪሱን መዘግየት ሁላችንም እናውቀዋለን) በዙር ይዳረሳል።

የምትመርጧቸውን 3 ኮርሶች በቅደም ተከተል ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እንድታስገቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ