ልጄ፣ ይግባኙን እንዳትተወው

የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ "ተዪው እማዬ፣ እዚህ ማን ይሰማል" ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እስር ቤቱ ጥፋት አደረግክ ብሎ ሲከስህ፣ ምስክሬን ጥሩልኝ ስትል እምቢ ብለው፣ ለምን እንደከለከሉህ እንኳ ሳይነግሩህ የአመክሮ ቀንህን መቁረጣቸው አንገብግቦኛል። እኔ አልተወውም፤ አንተም እንዳትተወው። ጠበቃ ጠይቄያለሁ፣ ማታ ማታም ሳነብ ከረምኩ። ስልኩ መሃል ላይ ስለሚቆረጥብን በጽሑፍ ይድረስህ።

በፈረንጆቹ 1974 የኔብራስካ እስረኞች ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ዎልፍ እና ማክዶኔል ይባላል። ዳኛ ባይረን ዋይት በሕገ መንግሥቱና በእስር ቤቶች መካከል የብረት መጋረጃ የለም ብለው ጻፉ። የአመክሮ ቀን ሊቆርጡብህ ሲሉ ክሱን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ሊሰጡህ ይገባል። በምን ማስረጃና በምን ምክንያት እንደወሰኑም እንዲሁ በጽሑፍ። ለጸጥታ አደጋ ካልሆነ በቀር ምስክርም ታቀርባለህ። ጠበቃ ይቁምልህ ግን አላሉም፣ እዚህ ላይ ልቤ አልረካም።

ያንተን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካው የ1985ቱ ፖንቴ እና ሪል የሚባለው ጉዳይ ነው። ምስክር የከለከሉበትን ምክንያት ማስረዳት አለባቸው። እዚያው ባይነግሩህ እንኳ ፍርድ ቤት ሲጠየቁ መናገራቸው አይቀርም። ይሄንን አጥብቀህ ያዝ።

አንድ ነገር ልለምንህ። "እኔ አላደረግኩትም" የሚለው ላይ ብቻ አትንጠልጠል። እኔ አምንሃለሁ፣ ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩን እንደ አዲስ አያየውም። በዚያው በ1985 ከማሳቹሴትስ በመጣ ጉዳይ፣ ጠባቂው ግርግር ሰምቶ ሲሄድ አንድ የተደበደበ እስረኛና እየሮጡ የሚርቁ ሦስት ሰዎች አገኘ። ማን እንደመታ ያየ የለም። ፍርድ ቤቱ ግን ጥቂት ማስረጃ ካለ ይበቃል ብሎ ከሦስቱ የሁለቱ የአመክሮ ቀን መቆረጡን አጸና። ይሄን ሳነብ ተናድጄ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ አሰራሩን ያዝ፦ ምስክሬን ከለከሉኝ፣ ምክንያቱን አልነገሩኝም በል።

ብቻህን የቆለፉብህን ደግሞ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው፤ በ1995 አንድ የሃዋይ እስረኛ ለ30 ቀን ተነጥሎ መቀመጡን ከስሶ አምስት ለአራት ተሸንፏል። የተቆረጠው ቀን ግን ቤትህ የምትገባበትን ቀን ያራዝማል፣ ክርክሩ እሱ ላይ ይሁን።

ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት የእስር ቤቱን የውስጥ ይግባኝ እስከ መጨረሻው ደረጃ ሂድበት። ቀኑ አንድ ቀን እንኳ እንዳያልፍብህ፣ ካለፈ በሩን ይዘጉብሃል። ፎርም ከለከሉኝ ብለህም ዝም አትበል፣ መጠየቅህን ከነቀኑ በወረቀት ጻፍ። ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ስትልክ ደግሞ ፖስታውን ለእስር ቤቱ ሰዎች ያስረከብክበት ቀን እንደ ማመልከቻ ቀን ይቆጠርልሃል፤ በ1988 ሂዩስተን እና ላክ በሚባለው መዝገብ ነው የተወሰነው። ያስረከብክበትን ቀን ጽፈህ ያዝ።

ያ ምስክርህ ልጅ ያየውን ከቻለ በገዛ እጁ ይጻፍልህ፣ ቀንና ፊርማ ያድርግበት። የውሳኔውን ኮፒ ቶሎ ላክልኝ፣ ጠበቃው ሳያየው ምንም ማለት አልችልም ብሎኛል። ለቴምብርና ለወረቀት የሚሆን ብር ሒሳብህ ውስጥ አስገብቻለሁ።

እመቤቴ ትጠብቅህ።

እናትህ