ፎቶሽን አጉልቼ አየሁት

እሙዬ፣

የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። እናትሽ አንቺን አይታ «ከስታለች» አለች። እኔ ያየሁት የመኪናውን ጣራ ነው። መነጽሬን አድርጌ፣ በሁለት ጣቴ አጉልቼ፣ ደግሜ አየሁት። ጣራው ላይ የጫንሻት ጀልባ፣ ካያክሽ፣ ታምራለች። ብርቱካናማ መምረጥሽም ጥሩ ነው፤ ውሃ ላይ ከሩቅ ትታያለች። አስተሳሰሯ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ደውዬ ብነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብለሽ ነው የምትዘጊው። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ ራቼቷን አውጫት። ያቺን ቀጭ ቀጭ እያለች የምታጠብቀውን ቀበቶ ማለቴ ነው። እሷ ለብረትና ለጣውላ ነች። ከክንድሽ አቅም በላይ ትስባለች፣ ፕላስቲኩም ሲጎዳ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይሰረጎዳል። ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ይለሰልሳል። ፎቶው ላይ ቀበቶው ያለፈበት ቦታ ገባ ብሎ አይቻለሁ። ተራ ዘለበት ያለው፣ በእጅ ተስቦ የሚይዘው ቀበቶ ይበቃሻል። ስትገዢ ፖሊስተር መሆኑን እዪ። ናይሎን ውሃ ሲነካው ይለጠጣል። አንቺ ወደኛ ወደ ሲያትል ስትመጪ ከስፖኬን በደረቅ ጠዋት ትነሺና ስኖኳልሚ ተራራ ላይ ዝናብ ይቀበልሻል፤ ጠዋት ጠብቆ የነበረው እዚያ ስትደርሺ ላልቶ ታገኚዋለሽ።

ጀልባዋን ደግሞ ሆዷን ወደ ታች አድርገሽ በቀጥታ ብረቱ ላይ አስተኝተሻታል። ገልብጫት። አፏ ወደ ታች ሲሆን ክብደቷ በጠንካራው ጠርዟ ላይ ያርፋል፣ ዝናብም አይሞላባትም። ሁለቱን አግዳሚ ብረቶች የቻልሽውን ያህል አራርቂያቸው። የመኪናሽን መመሪያ መጽሐፍም ክፈቺ፤ ጣራው ስንት ኪሎ እንደሚችል ተጽፏል። ፖርቶመጋላው ራሱ የሚመዝነውም ከዚያ ላይ ይታሰባል። 23 ኪሎ ጀልባ ብዙ አይደለም፣ ግን ሁለተኛ ጀልባ የሚጨምር ጓደኛ አይጠፋም።

አሁን አስተሳሰሩ። ቀበቶውን በጀልባዋ ላይ አሻግሪው። ወዲያ ማዶ ዞረሽ በአግዳሚው ብረት ስር አሳልፊና መልሰሽ በላይ ወርውሪው። ወዲህም በኩል በብረቱ ስር አውጥተሽ ዘለበቱ ውስጥ አስገቢና ሳቢ። ከዘለበቱ ስር ጨርቅ አድርጊ። ቀበቶውን አንድ ጊዜ ጠምዝዘሽ አሳልፊው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተወጠረ ነፋስ ሲያገኘው መንገዱን ሙሉ እንደ ጥሩምባ ሲጮህብሽ ይውላል። ትርፉን እንዳደረግሽው በር ውስጥ አትዝጊበት። ውሃው ቀበቶውን ተከትሎ ወንበርሽ ላይ ይገባል። እዚያው ብረቱ ላይ ቋጥሪው።

ከጨረስሽ በኋላ ጀልባዋን ጨብጠሽ በደንብ ነቅንቂያት። መኪናው አብሯት ከተወዛወዘ ታስራለች። እሷ ብቻዋን ከተንቀሳቀሰች ገና ነሽ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ከፊትም ከኋላም ገመድ የለም! መሃሏን ብቻ አስረሽ 4 ሜትር ከሩብ የሆነች ጀልባ በአውራ ጎዳና ልትነጂ ነው። ነፋስ የሚይዛት በአፍንጫዋ ነው። ፍጥነትሽ እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከሰፈር ሱቅ ስትመለሺ ምንም ያልሆነ ነገር በ70 ማይል ሌላ ነገር ነው።

ይህን ከማንም አልሰማሁትም። ሲያትል በመጣሁ በዓመቱ ያገለገለ ፍራሽ ገዛሁ። በአንድ ጓደኛዬ ኮሮላ ጣራ ላይ ጫንነው። በመስኮት አሳልፈን በሲባጎ አሰርነውና፣ እሱ በግራ እጁ እኔ በቀኝ እጄ ያዝነው። ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል፤ በእጅ የምንይዘው የዶሮ ቅርጫት ነው? አይ-5 አውራ ጎዳና ላይ ወጥተን ፍጥነት ስንጨምር የፍራሹ ፊት እንደ መጽሐፍ ገጽ ብድግ አለ። ሲባጎው ጣቴን ቆርጦኝ አለፈ። በስፖኪዮ ሳየው ፍራሹ መንገዱ መሃል ተኝቷል፣ ከኋላችን የነበረች ነጭ መኪና ደግሞ ጠርዝ ላይ ዳር ይዛ ቆማለች። ሰው አልተጎዳም። እናትሽ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ደብዳቤውን አታሳያት።

ሁሉም እንደኔ አልቀለለለትም። በ2004 እ.ኤ.አ. ሬንተን አጠገብ 405 አውራ ጎዳና ላይ ከተጎታች የወደቀ የቤት ዕቃ ጣውላ የአንዲት ወጣት ሴት መኪና መስታወት ሰብሮ ገባ። በሕይወት ተረፈች፣ የዓይኗን ብርሃን ግን አጣች። በማግስቱ ዓመት ዋሽንግተን ሕጉን አጠበቀች። ሳይታሰር ወድቆ ሰው የጎዳ ጭነት ዛሬ ቅጣት ከፍለሽ የምትገላገዪው ነገር አይደለም፤ የወንጀል ክስ ነው።

ስለዚህ ገመዱ። ከፊት ኮፈኑን ክፈቺ፤ ዳርና ዳር ብሎን ታገኚያለሽ። እዚያ ላይ የምትታሰር የጨርቅ ቀለበት አለች፣ ርካሽ ነች። ኮፈኑ ሲዘጋ ቀለበቷ ብቻ ወደ ውጪ ትቀራለች። ከጀልባዋ አፍንጫ በግራም በቀኝም ገመድ አውርደሽ እዚያ እሰሪ፣ ኋላም እንዲሁ። ገመዱን ፓራውልቱ ላይ አታስሪው፤ የዛሬ ዘመን ፓራውልት ፕላስቲክ ነው።

አጠባበቁን እኔ የተማርኩት አገር ቤት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት እያለሁ ነው። ገመዱ መሃል ላይ ትንሽ ቀለበት ትቋጥሪያለሽ። ጫፉን በታችኛው ማሰሪያ አሳልፈሽ ወደ ላይ ትመልሺና በዚያች ቀለበት አስገብተሽ ወደ ታች ትስቢያለሽ። ጉልበትሽ ይበረታል። ግን እዚህ ላይ ረዳትነትሽን ተይው። የፊቱ ገመድ ጀልባዋን ለመጫን አይደለም። ከሳብሽው እንደ ሙዝ ትጎብጣለች። ልል እንዳይሆን ብቻ። ዋናው ጥቅሙ ከመሪው ላይ ሆነሽ ማየትሽ ነው። ገመዱ መርገብገብ ከጀመረ ከላይ የሆነ ነገር ተፈትቷል ማለት ነው፤ ያኔ ዳር ይዘሽ ቁሚ።

ከባሕር ዳር ስንነሳ ሹፌራችን ደጀን ላይ ሳይቆም ዓባይ በረሃ ወርዶ አያውቅም። እኔ ሸራው ላይ ወጥቼ እያንዳንዱን ገመድ በእጄ እነካለሁ። ያሰርኩት ራሴ ነኝ፣ ጠዋት ጠብቋል፣ ምን ያስነካኛል እል ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ እንደ ሽሮ ወጥ ለስልሶ አገኘሁት። ጆንያው ሲንገጫገጭ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል፣ ገመዱ ትርፍ ሆኗል። ጀልባዋም እንደዚያው ነች። ከስፖኬን በወጣሽ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቁሚና ንኪ። ሞዝስ ሌክ ላይ ደግሞ ቁሚ። ቫንቴጅ ድልድይ ላይ የኮሎምቢያን ወንዝ ስትሻገሪ ነፋሱ በጎን ይመጣል፤ ከዚያ እስከ ኤለንስበርግ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለጌጥ አልተተከሉም። እዚያ በቀኙ መስመር ያዢ፣ ፍጥነትሽን ቀንሺ። ከከባድ መኪና አጠገብ ስታልፊ መሪውን በሁለት እጅሽ። ስልኩን ቦርሳሽ ውስጥ።

ሲያትል ስትደርሺ ደግሞ ጣራሽ ላይ ጀልባ እንዳለች አትርሺ። ሳቂ፣ ግን ስንቱ ሰው ቀኑን ሙሉ በሰላም ነድቶ የራሱ ጋራዥ በር ላይ ሰብሯታል። የኛ ፓርኪንግ ዝቅተኛ ነው። መንገድ ላይ አቁሚና ደውዪልኝ፣ ወርጄ አብረን እናወርዳታለን። ብቻሽን ስትጭኚያት ግን አፍንጫዋን መጀመሪያ ከኋላ በኩል አስደግፊ፣ ከስሯ ፎጣ አንጥፊ፣ ከዚያ ከኋላ ግፊያት። በወገብሽ አታንሻት።

ሁለት ቀበቶና የኮፈን ቀለበቶች ገዝቼ በፖስታ ልኬልሻለሁ፣ እስከ ሐሙስ ይደርሱሻል። ያንን ራቼት ይዘሽልኝ ነይ፣ ለጣውላዬ እፈልገዋለሁ።

እናትሽ ስትመለሺ የምትወስጂው በርበሬና ቆሎ እያዘጋጀች ነው። «ጀልባው ውስጥ ሰፊ ቦታ አለ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም ብያታለሁ። ጣራ ላይ ባዶዋን ነው የምትሄደው። አንቺም የለም በያት።

አባትሽ