ለእማዬ፣ ሐዋሳ አረብ ሰፈር

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባቢ ትከሻዬ ጋ ደርሷል፤ የገዛሁለት ጫማ ሁሉ ክረምቱን አይጨርስለትም። ሚጣ ደግሞ ምግብ ላይ አስቸግራኛለች። «የአያቴ ሽሮ ካልሆነ አልበላም» ትላለች። ያንቺ ሽሮ አሁን ከየት ይመጣል!

የላክሽው እኮ ከገና በፊት አልቋል። ጤፍም ሆነ ሽሮ እንደልብ ለማግኘት ሄልሲንኪ መውረድ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ካለንበት ከኩኦፒዮ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ እንኳ 275 ነው። ስለዚህ በአገሩ እህል መላ መምታት ይዣለሁ። ፊንላንዶች ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባ የመብላት የቆየ ልማድ አላቸው፤ ደረቅ አተር የሌለበት ሱቅ የለም። እሱን ለቅሜ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ቆላሁትና ከነገለባው በቡና መፍጫ ፈጨሁት። ሻካራ ነው፤ ደግሜ ነፋሁት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አለ። ኮረሪማው ሲያልቅ በሄል ተካሁት፤ እነሱ ከቡና ጋር የሚበሉት ጣፋጭ ዳቦ ውስጥ ስለሚጨምሩት በየሱቁ ይገኛል። ኮረሪማን አይሆንም፤ ቅቤ ማንጠሪያ ላይ ግን ያልፋል። ሚጣ የምትበላው ይህንን ነው። ከሐዋሳ የመጣ ነው ብያታለሁ።

አይብም አወጣሁ። ፒማ የሚሉት አለ፣ ከአሬራ የማይለይ። በዝግታ ሳሞቀው አይቡ ራሱ ተለየ፣ በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት። ቆጮውን ግን በምንም መተካት አልቻልኩም፤ ተውኩት።

እንጀራውን በገብስ ዱቄት ነው የምጋግረው። ዓይኑ ጥቂት ነው፣ በማግስቱም ይደርቃል፤ ግን ይጠቀለላል። ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ ቶሎ አይነሳም፤ ከማሞቂያው ሥር ነው የማሳድረው። አብሲቱን አልዘልም። ከሊጡ ቀንሼ፣ በፈላ ውሃ እያማሰልኩ አብስዬ፣ ለብ ሲል እመልሰዋለሁ። ትኩሱን ከመለስሽው እርሾውን ይገድለዋል ብለሽ ያስጠነቀቅሽኝ አንቺ ነሽ፣ በስልክ።

የት ሆነሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ? እኔ አልረሳሁትም። «መጀመሪያ ከላይ ያቀረረውን ውሃ ድፊ» እያልሽኝ ሳለ ከኋላሽ አንዲት ሴት «የ12 ቁጥር አስታማሚ!» ብላ ተጣራች። ምንድን ነው ስልሽ፣ ቴሌቪዥን ነው አልሽኝ። አባዬስ ስልሽ፣ ተኝቷል አልሽ። ከዚያም አብሲቱን ከመጀመሪያው ደግመሽ አስረዳሽኝ፣ ሳትቸኩዪ።

በሌላ ቀን ስልኩ ተበላሸ። በሌላ ቀን አባዬ ሻሸመኔ ለቅሶ ሄደ አልሽኝ። በማለዳ በሬን ያንኳኩት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹን አላውቃቸውም ነበር። በሩን ከፍቼ ስንት ሆነው እንደቆሙ ሳይ ገባኝ። እናንተ ሳልስቱን አውጥታችኋል። ሚጣን ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ ነው አላችሁኝ። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ በየቤቱ የሚደረገው ይኸው ነው። ባልሽን እያስታመምሽ እኔን ሊጥ ታስተምሪኝ እንደነበር ሳስብ እጅሽን መሳም ያምረኛል፤ ወዲያው ደግሞ እናደድብሻለሁ። ድምፁን መስማት እችል ነበር እኮ፣ እማዬ። ስልኩን ጆሮው ላይ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅብሽ።

ተይው። ስለ አሳው ልንገርሽ።

እዚህም ሐይቅ አለን፣ ካላቬሲ ይባላል። በክረምት ከላይ በረዶ ስለሚሆን ሰው በላዩ ይሄድበታል፤ በረዶውን በስተው ያጠምዳሉ። ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል አሳ የሚገፍፉት ልጆች ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን እላለሁ። አባ ኮዳ የምንለው ወፍ የለ፣ ጫጫታ የለ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ቀዳዳው ላይ አጎንብሷል። ሙይኩ የሚባል ቀጭን ትንሽ አሳ አላቸው። እሱን በጥቁር እህል ሊጥ ጠቅልለው ለሰዓታት ይጋግሩታል፤ ካላኩኮ ይሉታል፤ ሆዱ አሳ የሞላ ድፎ ዳቦ በዪው። እሾሁ ሳይቀር ይበላል። እነሱ ከአሳው ጋር የአሳማ ሥጋ ይጨምራሉ፤ እኔ በምትኩ ሽንኩርት፣ አዋዜና ንጥር ቅቤ አደረግኩበት። ጎረቤቴ አሮጊቷ እያስነጠሳት ጨረሰችው። አንቺ በጾም አሳ እንደማትነኪ አውቃለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ብትመጪ እሠራልሻለሁ። ብትመጪ ነው ያልኩት። ቪዛው የእኔ ጣጣ ነው፣ ያንቺ እግር ይሻልሽ።

አዎ፣ እግርሽ። ሚሚ በላከችው የታኅሣሥ ገብርኤል ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ። በቀኝ እግርሽ ጫማ፣ በግራሽ የአባዬን ነጠላ ጫማ ነው ያደረግሽው። ካልሲው ወፍሯል፤ ከሥሩ ፋሻ አለ። ካሜራው ወደ ታች ሲል ነጠላሽን ጎትተሽ ሸፈንሽው። ብጠይቅሽ ጫማ ጠቦኝ ነው አልሽ። ሚሚን ብጠይቃት «እማዬ ትንገርሽ» አለችኝ።

የስኳር በሽተኛ እግር ቁስል እቤት የሚታከም አይደለም። ስኳሩ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ አላመመኝም ማለትሽ ምንም ማለት አይደለም። በሙቅ የጨው ውሃ መዘፍዘፉን ተይ። ጠበሉን ጠጪ፣ ሐኪሙን ግን እንዳትቀሪ። ባዶ እግርሽን ግቢ ውስጥም አትውጪ። ያልተከፈተውን ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በፍጹም፤ አንዴ በረዶ ከሠራ አይረባም። መብራት ከጠፋ ማሰሮ ውስጥ ከድነሽ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጪው። ገንዘቡን ለሚሚ ልኬያለሁ፤ ለታክሲና ለመድኃኒት ነው፣ ለዕድር እንዳታውይው!

አሁን ነፍሰ ጡር አይደለሁም። ክፉም ቢሆን ካንቺ አፍ ልስማው።

በርበሬ አትላኪልኝ። ሚሚ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ እግርሽንም፣ ፋሻው ተፈትቶ። ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ። ቴሌቪዥኑን ዝጊና አንሺው።

ልጅሽ