ከሚጡ ጋር ስለምትሄጂበት መንገድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴም መውለጃዋ እየተቃረበ ትንሽ ከበዳት እንጂ ደህና ናት። ልጃችንን ሚጡን ይዘሽ ካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ለእህቴ ሠርግ ስትሄጂ ስለሚያስፈልጉሽ ወረቀቶች በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን ከቱሉ ዲምቱ ለገጣፎ ስደውል ግማሹ እየተቆራረጠ ይቀራል። ደግሞም ረጋ ብለሽ እንድታነቢው፣ ከወረቀቶቹ ጋርም አብሮሽ እንዲሄድ ብዬ ነው።

ባለፈው ቡና ላይ «እኔ ያሳደግኳትን ልጅ ወደ ልጄ ሠርግ ይዤ ለመሄድ የማንን ፈቃድ ልጠይቅ ነው?» ብለሽ ለባለቤቴ መናገርሽን፣ ቅር እንዳለሽም ነግራኛለች። እውነትሽን ነው፤ እኛ ሥራ ስንውል ሚጡ ያደገችው ያንቺ ጀርባ ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቶሮንቶ ላይ ፓስፖርት የሚያየው ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል? እሱ ፊት የሚቆሙት አንዲት ትልቅ ሴትና አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ብቻ ናቸው። ካናዳ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጆቹ ሲገባ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ከወላጅ ተሰውረው የሚወሰዱ ልጆች አሉና። እኛም አገር በ2012 ዓ.ም. በሰው መነገድን የሚከላከል አዋጅ ወጥቷል፤ ቦሌም ሊጠይቁሽ ይችላሉ። እማዬ፣ እኔ አባቷ ነኝና መጠየቃቸው ደስ ይለኛል። የማናውቀው ሰው እጇን ይዞ ሊያልፍ ቢሞክር የሚያስቆመው ይኸው ጥያቄ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ስማችን ነው። እነሱ ዘንድ ቤተሰብ በአንድ ስም ይጠራል። ያንቺ ፓስፖርት ላይ ያለው ያባትሽና ያያትሽ ስም ነው፤ የሚጡ ላይ ደግሞ የኔና የአባባ። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው የሚገናኝ ስም አያገኙም። ስለዚህ ዝምድናችሁን የሚያሳየው የልደት ሰርተፍኬት ነው፤ አንዱም አይበቃም። የሷ ሰርተፍኬት እኔ አባቷ መሆኔን ያሳያል፣ የኔ ደግሞ አንቺ እናቴ መሆንሽን። በዚህ ዕድሜዬ የልደት ሰርተፍኬት ላወጣ ወረዳ ስመላለስ የከረምኩት ለዚህ ነው። የሚጡ ላይ የአባባ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ተዘሎ ነበር፤ ከፓስፖርቱ ጋር እንዲገጥም አስተካክለውልናል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን መንገድ ላይ የምታስቆመው እሷው ናት።

ዋናው ወረቀት የፈቃድ ደብዳቤው ነው። በቤተሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት ለልጃቸው በጋራ አሳዳሪና ሞግዚት ስለሆኑ የኔ ፊርማ ብቻ እንዲሆን አልፈለግሁም፤ ሁለታችንም ውልና ማስረጃ ቀርበን ፈረምን። ባለቤቴ ያን ሆድ ይዛ ወረፋ ስትጠብቅ አንድ የማናውቀው ልጅ ወንበሩን ለቀቀላት፤ እግዜር ይስጠው። ደብዳቤው ላይ የኛ አድራሻና ስልክ፣ ያንቺ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የምትሄዱበትና የምትመለሱበት ቀን፣ የምታርፉበት የእህቴ ቤት አድራሻና ስልኳ አለ። ሚጡ ብትታመም ሐኪም ዘንድ አንቺና እህቴ እንድትወስኑላትም አስገብተናል። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አረጋግጦታል።

ሁሉንም አንድ ካኪ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። አደራ እማዬ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። ሻንጣሽን የምታገኚው ፓስፖርት ካሳየሽ በኋላ ነው። በእጅሽ የምትይዣት ቦርሳ ውስጥ፣ ከሁለቱ ፓስፖርቶች ጋር ይሁን። ኮፒውን እህቴ ይዛ ውጪ ትጠብቃችኋለች።

ሌላው፣ «ማናት?» ሲሉሽ እንደለመድሽው «ልጄ ናት» እንዳትዪ። «የልጅ ልጄ ናት፣ የወንድ ልጄ ልጅ» በያቸው፤ ወረቀቱ የሚለው ይህንኑ ነው። ሚጡ አንቺን እማዬ፣ እናቷን በስሟ ነው የምትጠራው፤ እሷንም ሊጠይቋት ይችላሉ። ምንም አታስጠኚያት። ያጠናች ልጅ ትፈራለች፣ የፈራች ልጅ ደግሞ ታስጠረጥራለች። እንደመጣላት ትመልስ፤ አንቺ ሴት አያቷ እንደሆንሽ፣ እኛ ቤት እንደቀረን ታውቃለች። የሚሉሽ ካልገባሽ ዝም ብለሽ ራስሽን አትነቅንቂ፤ «አምሃሪክ» ብለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ቆም በሉ ቢሏችሁም አትደንግጪ፣ ወደ እኛ ደውለው ሊያጣሩ ይሆናል። የዚያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስልካችንን አንዘጋም።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስታውን ይዤ እመጣለሁ፤ አንድ በአንድ እያወጣን እናየዋለን። እስከዚያ ያልገባሽ ቦታ ካለ በእስክሪብቶ አስምሪበት።

ልጅሽ