ለአባባ፣ ከሐሙስ በፊት

ለምወድዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም ደህና ነን። ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ ይጀመራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከዚህ በኋላ ያለው ግን እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው፣ ይቅር ይበሉኝ።

ለእህቴ በስልክ እልከዋለሁ፣ እሷ አትማ ትሰጥዎታለች። ፊደሉን ለዓይንዎ ብዬ አተልቄዋለሁ። ካስቸገረዎት ታንብብልዎት። እህቴ፣ ቶሎ ቶሎ አታንብቢ። አባባ ሳይሰሙ ሲቀሩ «እ?» ማለት አይወዱም።

የሐሙሱን የቀዶ ጥገና ነገር ሰምቻለሁ። ከእርስዎ አይደለም የሰማሁት። ባለፈው ስንደዋወል ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ ሬዲዮው ባትሪ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወራን። ልብዎ ሊከፈት መሆኑን ግን ትንፍሽ አላሉም። «አትንገሯት፣ ትጨነቃለች» ብለዋል አሉ። ይኸው ተጨነቅሁ። ለብቻዬ መጨነቄ ነው ልዩነቱ።

ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ለመሆኑ እዚያ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው? ድንጋይ ታጥቢያለሽ አሉ።» ሳቅሁና አለፍኩት። አሁን ልመልስልዎት።

ድንጋይ አይደለም አባባ። አጥንት ቢሉት ይቀርባል። ኮራል ይባላል፣ እንስሳ ነው። በቴሌቪዥን የሚያዩት፣ ሞቃት ባሕር ውስጥ ፀሐይ የሚያርፍበት ዓይነት አይደለም የኔው። የኔው ጨለማ ውስጥ ነው የሚኖረው። በብዛት ከ200 ሜትር እስከ 1,000 ሜትር ጥልቀት፣ ከዚያም በታች ይገኛል። ውሃው ከ4 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆንለት ይመርጣል። ያኛው ሰውነቱ ውስጥ በፀሐይ ምግብ የሚሠራለት፣ አልጌ የሚባል ጥቃቅን ተክል መሰል ነገር አለው። ይኼኛው የለውም። አንድ ቦታ ተተክሎ ጅረቱ፣ ማለት ባሕሩ ውስጥ የሚፈሰው ውሃ፣ ያመጣለትን ለቅሞ ይበላል። ጅረት ከሌለ ጦሙን ያድራል። እጄ ላይ በብዛት የሚገባው ሎፌሊያ የሚባለው ነው።

የኔ ሥራ ዕድሜው እንዲታወቅ ማዘጋጀት ነው። የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ የመሰለች ነገር አለችኝ። በሷ ጥቁሩን ቅርፊት ፍቄ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ከዚያ አሲድ ውስጥ አሟሟለሁ። ኮራል ሲያድግ ከባሕሩ ዩራኒየም ይወስዳል፣ ቶሪየም የሚባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ግን ከሞላ ጎደል አይወስድም። ዩራኒየሙ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ቶሪየም ይለወጣል። ስለዚህ ቶሪየሙን የለካ ዕድሜውን አገኘ ማለት ነው። ትልቋ ልጄ ይህን ስነግራት አልገረማትም። ሃዋይ አጠገብ የተገኘ ጥቁር ኮራል 4,265 ዓመት ገደማ እንደሆነው ስነግራት ግን ዓይኗ ፈጠጠ። «ከአያቴ ይበልጣል?» አለች። ትንሽ ይበልጣቸዋል አልኳት። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ሲስቅ ቁርጥ እርስዎን ነው። መዋኛ ገንዳ ውስጥ ፊቱን መንከር ይፈራ ነበር፣ አሁን ጀምሯል። ስለ ልጆቹ መጻፍ ይቀለኛል፣ ገጹ ቶሎ ይሞላል።

ወደ ኮራሌ ልመለስ። ከ21,000 ዓመት በፊት ገደማ የበረዶው ዘመን ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብዙ ውሃ በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ስለተከመረ ባሕሩ 120 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ዛሬ ኮራል የሞላበት የኖርዌይ ዳርቻ ያኔ በረዶ ተጭኖት ነበር። ከአየርላንድ ባሕርም ኮራሉ ጠፋ። ይህን የሰማ ሁሉ «ብርዱ ነዋ የፈጃቸው» ይላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን ብርድ የሚወድን ፍጥረት ብርድ ብቻውን አይፈጀውም። በረዶው ያልደረሰበትን ያጠፋው ይበልጡን የጅረቱ መለወጥ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ። ምግብ ያመጣ የነበረው ውሃ ደከመ፣ ደለሉ በዛ። የተተከለ ፍጥረት ደግሞ ተነስቶ አይሄድም። ይጠብቃል። ሲጠብቅ ያልቃል።

ሰሜኑ እንዲያ ባዶ በሆነበት ጊዜ ግን ደቡብ ላይ፣ ሞሮኮ አጠገብና ከስፔን በታች ባለው በካዲዝ ባሕረ ሰላጤ፣ ያው ዘር ደልቶት ይኖር ነበር። ኋላ በረዶው ሲያፈገፍግ ነገሩ ተገለበጠ። የደቡቡ መነመነ፣ የሰሜኑ ሞላ። ከ11,000 ዓመት በፊት ገደማ አየርላንድ አካባቢም ኖርዌይም ኮራል ተመልሷል። በጣም የሚደንቀኝ ፍጥነቱ ነው። የኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ በረዶው ከለቀቀ ብዙም ሳይቆይ፣ ከ10,900 ዓመት በፊት ገደማ ኮራል ተተክሏል። ሎፌሊያ በዓመት የሚያድገው ከግማሽ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ቢሆን ነው። እንዴት እዚያ ደረሰ? ኮራል እግር የለውም። ልጁን ነው የሚልከው።

ልጁ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ናት። ወደ ላይ ትዋኛለች፣ ከዚያ ጅረቱ ይወስዳታል። በቤተ ሙከራ እንደታየው አንድ ቦታ ለመቀመጥ የምትደርሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። ወራትም ትቆያለች፣ ዓመት የሞላትም ተገኝታለች። ጭቃ ላይ ብትወድቅ አለቀላት፣ ጠንካራ ነገር ማግኘት አለባት። ብዙውን ጊዜ የምታገኘው የቀደመ ኮራል አጥንት ነው። ከደቡብ ተነስቶ በአንድ ጉዞ ኖርዌይ የደረሰ ያለ አይመስልም። አንዷ ትንሽ ሄዳ ትተከላለች፣ የሷ ልጅ ደግሞ ትንሽ ትሄዳለች። መነሻቸው የት ነበር የሚለው አሁንም ያከራክራል። ጂብራልታር በሚባለው ጠባብ የባሕር በር በኩል ከሜዲትራኒያን የሚወጣው ውሃ ነው ይዟቸው የመጣው የሚሉ አሉ። እኔ እዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፣ አጣቢ ነኝ።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ወረቀቱን ለአባባ ስጪያቸው። አጉሊ መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቀስ ብለው ራሳቸው ያንብቡት።

አባባ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «እስከ ትምህርት መዝጊያ ብቻ» ነው ያሉኝ። ሰማያዊውን ሻንጣ የዘጉት እርስዎ ነዎት። ዚፑ እምቢ ሲልዎት በክር ሰፉት። ትምህርት ተዘጋ። ከዚያ «እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለው በአክስቴ በኩል ላኩብኝ። ጫማዬን አድርጌ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እስኪመሽ። በሚቀጥለውም እሑድ። በአራተኛው እሑድ አክስቴ መጥታ ጫማዬን አወለቀችልኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ሰባት ዓመት ኖርኩ እዚያ።

እናቴ ከሄደች በኋላ ቤቱ እንዴት እንደነበር አውቃለሁ። አክስቴም አላጎደለችብኝም። ሰው ሲጠይቅዎት «ችግር ነው የለያየን» ይላሉ። ችግሩ አይደለም አባባ። ችግሩን እችለው ነበር። «እሑድ» ባይሉኝ ነበር። ለምን እኔ ተላክሁ፣ እህቴ ለምን ቀረች የሚለውን አልጠይቅዎትም። ጠየቅሁ መሰለኝ።

ከአክስቴ ቀብር በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት የትምህርት ቤት ክፍያዬን ደረሰኞች አገኘሁ። ሰባቱም ዓመት፣ ሁሉም በእርስዎ ስም። አንድም ቀን አልነገሩኝም፣ እሷም አልነገረችኝም። አመሰግናለሁ። ደረሰኞቹን ይዤ ለሁለት ቀን እንባዬ አላቆም አለ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተናደድኩ። ገንዘቡ መንገዱን ካወቀ እርስዎስ?

ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ ባሕር ውስጥ፣ ቻሌንጀር የሚሉት ጉብታ አለ። ኮራልና ደለል ተደራርበው የሠሩት ነው፣ ቁመቱ 155 ሜትር። በፈረንጆቹ 2005 አጥኚዎች ከጫፉ እስከ ሥሩ ሰርስረውታል። ሥሩ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። መሃል ላይ ግን ከ1.7 ሚሊዮን እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ጊዜ ጎድሏል። ከታቹ ኮራል አለ፣ ከላዩም ኮራል አለ፣ የመሃሉ የለም። ስለዚያ ጉብታ የሚጽፍ ሰው ይህን ጉድለት ሳያነሳ አያልፍም። እኛ ሃያ ደቂቃ ስለ ባትሪ እናወራለን።

መቆጣቴን ይዤ ሐሙስን መጠበቅ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። «ከዚያ በኋላ» የሚለውን ቃል ስጽፈው ግን እጄ እምቢ አለኝ። የፈራሁት እሱን ነው እንግዲህ።

አሁን ወረቀቱን ለእህቴ ይመልሱላት።

እህቴ፣ የደም ማቅጠኛውን ክኒን ማቆም ካለባቸው መቼ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። በራሳቸው እንዳያቆሙት። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነመጠናቸው ወረቀት ላይ ጻፊ፣ የእንቅልፉንም ጨምሪ። እሱን ይደብቁታል። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ይመታ ብዬሽ ነበር፣ ተመታ?

አባባ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይቆያሉ። እሑድ ጠዋት እደርሳለሁ። «ምን አደከመሽ» እንዳይሉኝ። ደጃፍ ላይ ወጥተውም አይጠብቁኝ፣ ጉንፋን ከያዘዎት ቀዶ ጥገናውን ያራዝሙታል። የበሩ ደወል ካልተሠራ እህቴ ስልኳን ከፍታ ትጠብቅ።

ልጅዎ