ያንን የኮርስ ዝርዝር ላክልኝ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ዝም በማለቴ አፍሬአለሁ፤ ይቅር በለኝ። ሰበብ አልደረድርም። «ጉዳይ ሲኖረው ብቻ ነው የሚጽፈው» እንደምትልም አውቃለሁ። አዎ፣ ጉዳይ አለኝ።

ያለሁት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤተሰቡ ደህና ነው፤ የቀረውን ስንደዋወል። ትምህርት ክፍላችን ስለ አገራችን ሕዝቦች አዲስ ኮርስ አርቅቅ ብሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በስብሰባው ላይ ሁሉም የወገኑን ገጽ ይቆጥራል። ለእነ እገሌ ስንት ምዕራፍ፣ ለእኛስ ስንት? ስለ ጎረቤቱ ለማወቅ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ ነው ያስጨነቀኝ።

አንተ ለሳን ፍራንሲስኮ ቅርብ ስለሆንክ ታሪኩን ታውቀዋለህ። የስቴት ኮሌጁ ተማሪዎች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት 1961 ዓ.ም አድማ መቱ። በፖሊስ ተደበደቡ፣ ታሰሩ። በመጨረሻ የኤትኒክ ስተዲስ፣ ማለትም የብሔረሰቦች ጥናት ኮሌጅ ተከፈተላቸው። የጥቁሩ፣ የላቲኖው፣ የእስያው፣ የነባሩ አሜሪካዊ ጥናት ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር። አብረው አድማ መቱ፣ አብረው ገቡ። በዚህ እቀናለሁ።

እኛ ዘንድስ? በኅዳር 1962 ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጻፈ። ጥያቄው ከስድስት ኪሎ ወጣ፣ ጫካ ገባ፣ ጠመንጃ አነገበ፣ ሕገ መንግሥት ሆነ። ትምህርት ሲሆን ግን አላየሁም። ደርግም በ1975 የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ያቋቋመው ለሕገ መንግሥቱ ዝግጅት ብሎ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ስንት ነገር ሰብስቧል፤ ሙዚየሙን ስንት ጊዜ አብረን ዞርነው! ግን ዕቃው መስተዋት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሲናገር መስማት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን «የአያታችሁን ጓሮ ንገሩን» አልኳቸው። አንድ የጌዴኦ ልጅ ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ ሣለው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በመካከሉ ቡና። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የመዘገበው ያ መልክዓ ምድር፣ ለእሱ የአያቱ ጓሮ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ትንፍሽ የማይል አንድ የመንዝ ልጅ አለ። እሱ ጠየቀው፦ «እንሰቱ እስኪደርስ ዓመታት ከፈጀ እስከዚያ ምን ትበላላችሁ?» ልጁ ሳቀ። «በየዓመቱ እንተክላለን እኮ፤ የደረሰ አይጠፋም።» የመንዙ ልጅም በተራው ስለ ጓሳ ሣር አወራ። ሕዝቡ ተስማምቶ ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቀዋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል። ክፍለ ጊዜው አልቆም ኮሪደር ላይ ቆመው ያወሩ ነበር። ሁለቱም መሬት የሚጠብቅ ሰው ልጆች ናቸው! ኮርሴ ይህን እንዲመስል ነው የምፈልገው።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎቿ ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ የኤትኒክ ስተዲስ ኮርስ እንዲወስድ አስገድዳለች። እዚህም ግዴታ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ግን፣ ተማሪው የራሱን ብቻ መርጦ መውሰድ የለበትም። ስብሰባው ላይ ይህን ስናገር ሁለት ሰዎች አኮረፉኝ። ያኩርፉ።

እና እባክህ፣ ከዚያ ከሳን ፍራንሲስኮው ኮሌጅ የኮርስ አውትላይኖቻቸውን ፈልግልኝ። የድሮውንም የአሁኑንም። አስተማሪ እንዴት ይመርጣሉ? ሽማግሌ ክፍል ድረስ ጋብዘው ያስተምራሉ ወይ? አንተ ድሮም ወረቀት ፈልፍሎ ማውጣት ይሆንልሃል፤ እንቢ እንዳትለኝ። በቴሌግራም ላክልኝ፣ ቁጥሬ አልተቀየረም። ረቂቁን ከፋሲካ በፊት ማስረከብ አለብኝ።

ሌላም ነገር ነበረኝ... ስለዚያ ስለ ለገጣፎው ቦታ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ጠፋኝ። በስልክ ይሻላል፤ እሁድ ደውልልኝ።

ወንድምህ፣
ከቱሉ ዲምቱ